አገሩን ተቀብሎ መልሱን የነሳ
ስለ ምስጢራዊ ተከታታይ ድራማዎች ፍጻሜ የቀረበ ታሪካዊ መጣጥፍ

«እንቆቅልሽ» ባይ ጠያቂና «ምን አውቅልህ» ባይ ተጠያቂ የሚፈራረቁበት ጨዋታ ከሥነ ቃል ሀብታችን አንዱ ነው። ለልጆች ማምሻ ብቻ የተተወ ይምሰል እንጂ ጽኑ ሕግ አለው። ተጠያቂው መልሱ ሲጠፋው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ጎንደር ወይም ሐረር፣ ጅማ ወይም ደሴ ይሰጠዋል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ጥቂት ይንጎማለላል፤ ተሸናፊውንም በቀልድ ሸንቆጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ግን መልሱን መናገር ግዴታው ነው። አገሩን ተቀብሎ መልሱን የሚነሳ ሰው ጨዋታ አፍራሽ ነው፤ በማግሥቱ ምሽት «እንቆቅልሽ» ቢል «ምን አውቅልህ» የሚለው አያገኝም። መልሱም ቢሆን መልስ ስለተባለ ብቻ አይበቃም። ሰሚው «ለካስ ይህ ኖሯል! እንዴት ጠፋኝ?» እንዲል የሚያደርግ፣ በጥያቄው ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ መሆን አለበት።

ይህ የጨዋታ ሕግ በዘመናችን አንድ የኪነ ጥበብ ጥያቄ ለመመርመር ያገለግላል። ቴሌቪዥን በየአገሩ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በምስጢር የተመሠረቱ ተከታታይ ድራማዎች ሕዝብን ለወራትና ለዓመታት አስከትለው ሲጓዙ ቆይተው በመጨረሻው ክፍላቸው ተመልካቹን ሲያሳዝኑ በተደጋጋሚ ታይተዋል። «ተረት ነው፣ ምን ያስቆጣል?» የሚሉ አልታጡም። ነገር ግን ሕዝብ ለአንድ ሥራ ያዋለው ጊዜና የሰጠው እምነት የሰጠው አገር ነው። ስለሆነም የፍጻሜ ቅሬታ ከተራ ማጉረምረም የተለየ፣ በደራሲና በተደራሲ መካከል ስላለው ውል የሚናገር ታሪካዊ ማስረጃ ሆኖ ሊታይ ይገባዋል።

ሁለት የምርመራ ሥርዓቶች

የተሰወረ ጥፋትን መፈለግና መግለጥ ከቴሌቪዥንም ከልብ ወለድም በፊት የማኅበረሰብ ጉዳይ ነበር። በአገራችን ታሪክ ሁለት እጅግ የተለያዩ የምርመራ ሥርዓቶች ይታወቃሉ። አንደኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ያገሬው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሁሉም ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ምርመራው ሥራ ያስፈታል፣ ያሰለቻል፤ ሆኖም ቃል በቃል ላይ እየተደራረበ ወደ እውነቱ ያመራል ተብሎ ይታመናል። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ ካሳው በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ያልተመለሰ ጥያቄ በከንቱ አይቀርም፤ ዕዳው የጋራ ይሆናል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱን በአንድ ቤት መቃጠልና ይህን ተከትሎ በሚካሄደው ሸንጎ ላይ ሲመሠርት፣ ከወንጀሉ ይልቅ የሕዝቡን ኑሮ ለማሳየት ሥርዓቱ ምን ያህል አመቺ እንደሆነ ተረድቶ ነበር።

ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ለጋ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠዋል፤ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እዚህ ላይ ማስረጃ የለም፤ የምስክር ቃል የለም፤ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚያደርስ ድልድይም የለም። መልስ አለ፣ ነገር ግን መልሱ ከጥያቄው አልተወለደም። በዚህ ልማድ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተጎዳ መገመት አያዳግትም፤ ቀሪ መሆኑም ለፍትሕ በጀ።

ምስጢራዊ ድራማ ሁሉ በፍጻሜው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ይመስላል። የተሰበሰበውን ቃል ሁሉ አገናዝቦ ወደ እውነቱ የሚደርስ አለ፤ ሰክሮ ከወደቀበት ቤት «ይኸውላችሁ ሌባው!» የሚልም አለ። አርስጣጣሊስ ስለ ግጥምና ተውኔት በጻፈው ድርሳን የታሪክ ፍቺ ከራሱ ከታሪኩ ሂደት እንዲመነጭ እንጂ በመድረክ ማሽን ከላይ በሚወርድ አምላክ እንዳይፈጸም ሲያስጠነቅቅ፣ በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ ሌባ ሻይን መኮነኑ ነበር ማለት ይቻላል።

ከመጽሔት ገጽ የጀመረው ዕዳ

ታሪክን ቆራርጦ በየጊዜው ማቅረብና አንባቢን በጉጉት ማቆየት የቴሌቪዥን ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መጽሔቶችና ጋዜጦች የኖሩበት ዘዴ ነው። ቻርልስ ዲከንስ «የኤድዊን ድሩድ ምስጢር» የተባለውን ድርሰቱን በ12 ክፍል ለማውጣት አቅዶ ሳለ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1870 ከግማሹ ላይ ሞተ። ኤድዊን ድሩድ ተገድሎ ይሁን ተሰውሮ ሳይታወቅ ቀረ። አንባቢው አዘነ እንጂ አልተቆጣም፤ ጠያቂው መልሱን ይዞ ሞተ እንጂ አልነሳምና። ይልቁንም መልሱን በየፊናው ሲፈልግ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1914 በለንደን ለዚሁ ጉዳይ የይስሙላ ችሎት ተቋቁሞ፣ ደራሲው ቼስተርተን በዳኝነት ሲሰየም፣ ተውኔት ጸሐፊው በርናርድ ሾው የፈራጅ ሸንጎው አለቃ ሆኖ ተቀምጧል።

በአንፃሩ አርተር ኮናን ዶይል በሕይወት ሳለ ነበር ዕዳ ውስጥ የገባው። ሸርሎክ ሆልምስን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 «ስትራንድ» በተባለው መጽሔት ላይ ከገደል ሰዶ ሲገድለው የአንባቢያን ቁጣ ገነፈለ፤ ብዙዎች የመጽሔት ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ሟቹን ከሞት ማስነሣት ግድ ሆነበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ ያለው ነው። በአንድ በኩል ተደራሲ ባለመብት መሆኑን አሳይቷል፤ በሌላ በኩል ገበያ አንድን ታሪክ ከተፈጥሯዊ ፍጻሜው በላይ ማስረዘም እንደሚችል አስተምሯል። ቴሌቪዥን ሁለቱንም ትምህርቶች ወርሷል።

ጎዳና የጠረጉ ምሽቶች

እ.ኤ.አ. በጥር 1962 የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን በእንግሊዛዊው ደራሲ ፍራንሲስ ደርብሪጅ የተጻፈውን «ሻርፑ» የተባለ ባለ 6 ክፍል የወንጀል ድራማ አሳየ። አንዲት ወጣት በሻርፕ ታንቃ ተገድላለች፤ ገዳዩ ማን ነው? ይኸው ነበር ጥያቄው። የቴሌቪዥን ባለቤት ከነበረው ሕዝብ እስከ 89 በመቶው ተከታተለው። በየምሽቱ ጎዳናው ጭር፣ የቴአትርና የሲኒማ አዳራሹ ባዶ ይሆን ስለነበር ጀርመኖች እንዲህ ዓይነቱን ድራማ «ጎዳና ጠራጊ» አሉት። የመጨረሻው ክፍል ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ቮልፍጋንግ ኖይስ የተባለ የበርሊን ቀልደኛ ተዋናይ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ ሲኒማ እንዲገባ የሚመክር ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ፤ በዚያው ላይ ገዳዩን የሚጫወተው ዲተር ቦርሼ መሆኑን ገለጠ። አገር ተናወጠ። አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ኖይስን የአገር ከሐዲ እስከማለት ደረሰ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ያስቃል። ነገር ግን ቁም ነገር አለበት። ሕዝቡ የተቆጣው መልሱን ስለተነፈገ አልነበረም፤ መልሱማ ተሰጥቶታል። የተቆጣው መልሱ በጨዋታው ሥርዓት ሳይመጣ በመቅረቱ ነበር። አገር ሳይሰጥ፣ ሳይንጎማለል፣ ሳይሸነቆጥ ከመንገድ የተወረወረ መልስ ዋጋ የለውም። ተመልካች የሚሻው የገዳዩን ስም ብቻ ሳይሆን ወደ ስሙ የሚያደርሰውን መንገድም ጭምር ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1967፣ በአሜሪካ «ስደተኛው» የተባለው ድራማ በ120ኛ ክፍሉ ተፈጸመ። ሚስቱን ገደልህ ተብሎ ሞት የተፈረደበት ሐኪም ሪቻርድ ኪምብል እውነተኛውን ገዳይ፣ አንድ እጅ ያለውን ሰው፣ ለ4 ዓመታት ሲያሳድድና ሲሳደድ ኖሮ በዚያ ምሽት ነፃ ወጣ። 78 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ተገምቷል። በፍጻሜው አንድ ጎረቤት ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ አይቶ፣ በፍርሃት አፉን ዘግቶ መኖሩ ተገለጠ። መልሱ በጎረቤት ልብ ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ልክ በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ቃሉን እስከ መጨረሻ እንደሚያቆይ ሰው። ተመልካቹ ረካ፤ ዕዳው ተከፈለ።

በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ግን የእንግሊዝ ተመልካች ሌላ ነገር ገጠመው። ፓትሪክ ማክጉሃን ዋና ተዋናይም ዋና ፈጣሪም የሆነበት «እስረኛው» በ17 ክፍል ተጠናቀቀ። ሥራውን የለቀቀ አንድ ሰላይ ሰው ሁሉ በቁጥር በሚጠራባት ምስጢራዊ መንደር ይታሰራል፤ እሱም «ስድስት ቁጥር» ይባላል። በየሳምንቱ የሚያንገበግበው ጥያቄ «አንድ ቁጥር ማን ነው?» የሚል ነበር። ማክጉሃን ራሱ በጻፈውና ባዘጋጀው የመጨረሻ ክፍል እስረኛው የአንድ ቁጥርን ጭምብል ሲገፍ የዝንጀሮ ጭምብል ያገኛል፤ ያንንም ሲገፍ የራሱን ፊት ያያል። ተመልካቹ ተቆጣ። አንድ ክፉ አለቃ ሲጠብቅ መስተዋት ተሰጠው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በየክፍሉ መግቢያ እስረኛው «አንድ ቁጥር ማን ነው?» ሲል የሚመለስለት ቃል «አንተ ስድስት ቁጥር ነህ» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛው ግን ይኸው ሐረግ በመካከሉ አንድ ትንፋሽ ቢገባበት «አንተ ነህ፣ ስድስት ቁጥር» ተብሎ ይሰማል። ኋላ የመጡ ተመልካቾች ይህን ሲያስተውሉ ቅኔ አዋቂ ኅብረ ቃሉን ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ አገኙ። ወርቁ በሰሙ ውስጥ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ተቀምጦ ነበር ሊባል ይችላል። ስለዚህ የተመልካች ቁጣ ሁልጊዜ የሥራውን ውድቀት አያረጋግጥም። መመዘኛው ፍጻሜው በዚያ ምሽት ማስደሰቱ ሳይሆን መልሱ በጥያቄው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው።

ጥያቄ ሲሸጥ

ለምን ብዙ ድራማዎች ከዚህ መመዘኛ ይወድቃሉ? ምክንያቱን በደራሲያን ስንፍና ብቻ መፈለግ ጉዳዩን አለመረዳት ይሆናል። ሥሩ የሚገኘው በአመራረቱ ሥርዓት ላይ ነው። በንግድ ቴሌቪዥን ገቢ የሚገኘው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ የሚገኘው በተመልካች ብዛት ነው፤ ተመልካች የሚቆየው መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ነው። ስለሆነም ጥያቄው ገንዘብ ያስገባል፤ መልሱ ግን ገቢውን ይዘጋል። በእንቆቅልሹ ጨዋታ አገር የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። በንግድ ቴሌቪዥን ግን ጠያቂው በየሳምንቱ አዲስ አገር ይቀበላል፤ መልሱን ለማዘግየትም ይከፈለዋል። ማክጉሃን ታሪኩ 7 ክፍል ይበቃዋል ብሎ ያምን እንደነበር፣ ወደ 17 የተለጠጠውም ለገበያ ሲባል መሆኑ ይታወቃል።

የ«ትዊን ፒክስ» ዕጣ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ያቀረቡት ይህ ድራማ «ሎራ ፓልመርን ማን ገደላት?» በሚል ጥያቄ ሚሊዮኖችን ያዘ። የጣቢያው ኃላፊዎች መልሱ በቶሎ እንዲሰጥ ገፋፉ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ገዳዩ ታወቀ። ተመልካቹም ጥሎ ሄደ። ሊንች ይህን ወርቅ የምትጥለውን ዝይ እንደ ማረድ ቈጥሮት እንደነበር ከዚያ ወዲህ ተናግሯል። ድራማው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 ሲቋረጥ መርማሪው ራሱ በክፉ መንፈስ ተይዞ ከመስተዋት ፊት ቀረ፤ ተከታዩ ምዕራፍ የመጣው ከ26 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በጣቢያው ስሌት ጥያቄው ሸቀጥ ነበር፤ በሊንች አሳብ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ዓለም ነበር። ሁለቱ ሳይስማሙ ተመልካቹ በመካከል ተጎዳ።

«ሎስት» ደግሞ የዚሁ ችግር ሰፊው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በ6 ምዕራፍ የታየው ይህ ድራማ አውሮፕላናቸው በአንድ ደሴት ላይ የወደቀባቸውን መንገደኞች ታሪክ ይተርካል። በየክፍሉ አዲስ ምስጢር ይጨመር ነበር፦ ጥቁር ጭስ፣ ተደጋጋሚ ቁጥሮች፣ ከመሬት በታች የተሠራ መጠለያ። ዋናዎቹ ጸሐፊዎች ዴሞን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪውዝ ታሪኩ የሚያበቃበት ቀን እንዲቆረጥላቸው ጠይቀው ስምምነት ያገኙት በ2007 ነው፤ ማለትም ከተጀመረ 3 ዓመት ያህል ካለፈው በኋላ። ግንቦት 23 ቀን 2010 የታየው ፍጻሜ ጎን ለጎን ሲታይ የነበረው ሌላ ሕይወት ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ የሚገናኙበት ስፍራ መሆኑን ገለጠ። ስለ ነፍሳት ኅብረት የቀረበው ትዕይንት ብዙዎችን አስለቅሷል። ነገር ግን ለዓመታት ስለ ደሴቲቱ ሲጠየቅ ኖሮ ስለ ነፍስ ተመለሰ። ከመጨረሻው ትዕይንት በኋላ ጣቢያው የአውሮፕላኑን ስብርባሪ ምስል በማሳየቱም ብዙ ተመልካች «ለካስ ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር» ብሎ በስሕተት ደመደመ። አንድ ፍጻሜ እንዲህ ላለ ስሕተት ከተጋለጠ ድልድዩ በሚገባ አልተሠራም ማለት ነው።

ያላለቀ ጦርነት፣ ያለቀ ድራማ

ይህ ሲባል ግን ፍጻሜ ሁሉ በር መዝጋት አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973 በሶቪየት ቴሌቪዥን የታየው «አሥራ ሰባቱ የጸደይ ቅጽበቶች» ተቃራኒውን ያስረዳል። ከዩልያን ሴምዮኖቭ ልብ ወለድ ተወስዶ በታትያና ሊዮዝኖቫ አዘጋጅነት በ12 ክፍል የቀረበው ይህ ሥራ፣ በናዚ ጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሽቲርሊትስ በሚል ስም የተሸሸገውን የሶቪየት ሰላይ ታሪክ ይተርካል። ቪያቼስላቭ ቲኾኖቭ ተጫውቶታል። የተሰጠው ተልእኮ ከናዚ መሪዎች ማን ከምዕራባውያን ጋር በምስጢር እንደሚደራደር ማወቅ ነው። በመጨረሻው ክፍል ጦርነቱ ገና አላለቀም፤ ባሕር ማዶ የሚጠብቁት ቤተ ሰዎቹ ጋር አልደረሰም። መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ በጸደይ ሣር ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ በርሊን፣ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ተመልካቹ ለምን አልተከፋም? የተጠየቀው ጥያቄ ተመልሷልና። ተደራዳሪው ታውቋል፤ ሴራው ከሽፏል። የቀረው የሰውየው ዕጣ የእንቆቅልሹ ክፍል ሳይሆን የታሪክ ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ሥራው ካለቀ መጽሐፍ የመነጨ፣ ክፍሎቹ አስቀድመው የተቆጠሩ በመሆኑ እየተለጠጠ ከመንገዱ የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም። እንግዲህ ጥያቄን መመለስና ሕይወትን መደምደም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ደራሲ የመጀመሪያውን ይከፍላል፤ ሁለተኛውን ክፍት ሊተው ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ተከታታይ ታሪክን በጉጉት የመጠበቅ ልማድን በሰፊው ያስተማረው ግን ራዲዮ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበውም ሕዝብ ጆሮውን ሰጥቷል። ፍጻሜው መሪር ነው፤ ርዕሱ ራሱ መቃብርን ይናገራል። ሆኖም ሰሚው አለቀሰ እንጂ ተታለልሁ አላለም። በምርመራ ልብ ወለድ ይልማ ሀብተየስ፣ በስለላ ታሪክ ትርጉም ማሞ ውድነህ ያሰለጠኑት አንባቢም ምስጢር ሲቋጠርና ሲፈታ መመዘን የሚችል ሆኖ ነበር ቴሌቪዥን የደረሰበት።

የቴሌቪዥን መቀበያ በየቤቱ ባልገባበት ዘመን ሰው በጎረቤት፣ በቡና ቤትና በቀበሌ አዳራሽ ተሰብስቦ ይመለከት ነበር። ድራማ ሲያልቅ ክርክሩ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በማግሥቱ በሥራ ቦታና በመምህራን ማረፊያ ይቀጥላል። ይህ በዋና ከተማይቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ባሉት በለገዳዲ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታም የኖረ ልማድ ነው። ለገዳዲ ስሟ በይበልጥ የሚጠራው ለአዲስ አበባ በምትልከው ውኃ ነው። ስለ ጉጉት ለሚጽፍ ሰው ከግድቧ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ግድብ ክረምቱን ሙሉ የሚያጠራቅመው የውኃውን ብዛት ለማሳየት አይደለም፤ በበጋ ተጣርቶ ከየቧንቧው እንዲደርስ ነው። የተጠራቀመ ጉጉትም እንዲሁ ነው። መውጫው ያልታሰበለት እንደሆነ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ግድቡን ጥሶ ይሄዳል።

በቅርቡ ዘመን ይህን ጉጉት በሰፊው ያጠራቀመው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት ታይቶ በ2006 ዓ.ም. የተፈጸመው «ሰው ለሰው» ነው። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተባለው ገጸ ባሕርይ ስሙ ከድራማው ወጥቶ በሕዝብ አፍ ገባ፤ ተንኮለኛ ሰው «አስናቀ» ተባለ። ምስጢሩ ከላይ ከተወሱት የውጭ ድራማዎች የተለየ ጠባይ ነበረው። ተመልካቹ አጥፊውን ያውቃል፤ የማያውቁት በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ጥያቄው «ማን?» ሳይሆን «መቼና እንዴት ይገለጣል?» የሚል ነበር። ይህ በአቴና መድረክ ላይ ከታየው ከሶፎክልስ «ኤዲፐስ» ጀምሮ የታወቀ መንገድ ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀውን እውነት ንጉሡ ራሱ ደረጃ በደረጃ ሲደርስበት ያያል። እንዲህ ያለው አቀራረብ ለፍጻሜው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ታውቋልና። እንደ እውነቱ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ሕዝቡ የሚጠብቀው ስም ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ፍርድም ከስም ይልቅ ለመመዘን ይቀላል። በየቤቱና በየቡና ቤቱ «አስናቀ ምን ይደርስበታል?» ሲባል የነበረው ለዚህ ነው። ሕዝቡ በሕይወቱ ያላየውን ፍትሕ በድራማው ሊያይ ይሻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለአገራችን ደራሲያንና አዘጋጆች የሚተርፍ ትምህርት አለ። ዛሬ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዝተዋል፤ ተከታታይ ድራማም የዕለት ተዕለት ቀለብ ሆኗል፤ ገቢው ከማስታወቂያ የሚገኝ በመሆኑ መልስን የማዘግየት ፈተና በእኛም ደጃፍ ቆሟል። መልሱን ሳያውቅ ጥያቄ የሚያነሣ ጸሐፊ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌባ ሻይ መሄዱ አይቀርም። ስንት ክፍል እንደሚበቃው ያልተቆረጠለት ታሪክም ባለቤቱ ጸሐፊው ሳይሆን ገበያው ይሆናል። ደራሲው መልሱን አስቀድሞ ይያዝ፤ በየክፍሉም ፍንጩን ይተው። ፍጻሜው ተመልካቹን ሊያስለቅስ፣ ሊያስደነግጥ፣ እንደ «እስረኛው» መስተዋት ሊሰጠውም ይችላል፤ ይህ የደራሲው መብት ነው። የማይችለው አገሩን ተቀብሎ ዝም ማለት ነው።

የተመልካች ቅሬታም እንደ ነቀፌታ ብቻ መታየት የለበትም። ስለ አንድ ድራማ ፍጻሜ የሚከራከር ሕዝብ አሁንም «ምን አውቅልህ» እያለ ነው፤ መልስ እንደሚገባው አልረሳም። አስፈሪው ቀን የሚመጣው ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ሁሉም መቀበያውን ዘግቶ ወደ መኝታው የሄደ ዕለት ነው።